በሚስ ዴርቭላ ላይ የተጾመ ጾም

ቅዳሜ ጠዋት ዴርቭላ በጠበሰችው ዳቦ ላይ ቅቤ ልትቀባ ቢላዋ እንዳነሳች፣ እህቷ አሰምፕታ ኮሪደሩ ላይ ቆማ በስልክ የምታወራው ወሬ በግማሽ በተከፈተው በር ገባ። «ቀሚሱ አጥሮሻል አለቻት እኮ!» ትላለች አሰምፕታ በሳቅ እየተንከተከተች። «ምን ትበላት ታዲያ? ተጓዥ ስለሆንሽ ሰው ፊት እሳት አናስይዝሽም ትበላት? ጉዱ ደግሞ፣ አያትየዋ እውነት መስሏት አዲስ ቀሚስ ሰፍታ ላከች! ኧረ አታስቢ፣ እሱ አልቋል። እሳቱን የምትይዘው አሽሊን ናት። አንቺ ብቻ ጸጉሯን አሳምረሽ ጎንጉኚላት።» በስልኩ ወዲያ ማዶ ያለችው የአሰምፕታ ልጅ ናት፤ አሽሊን ደግሞ የልጅ ልጇ። ያቺን የቀሚስ ውሸት የዋሸችው ግን ዴርቭላ ራሷ ናት። ሐሙስ ዕለት፣ ሃያ ስድስት ተማሪ እየሰማ፣ የዘጠኝ ዓመቷን ዊኒን ዓይን ዓይኗን እያየች ነው የዋሸቻት። ከራሷ አፍ ስትወጣ ትንሽ ነገር መስላት ነበር፤ በሰው አፍ ሲሳቅባት ስትሰማ ግን ከበደቻት። ቢላዋውን መልሳ አስቀመጠችው።

ቤቱ በኮርክ ከተማ ሰሜን በኩል፣ ቁልቁለቱ ሰው በሚጥል መንገድ ላይ ትከሻ ለትከሻ ከተደረደሩት ቤቶች አንዱ ነው። እናታቸው ካረፈች ወዲህ ሁለቱ እህትማማቾች አብረው ይኖሩበታል፤ ባሏ የሞተባት አሰምፕታ ጉልበቷ ደረጃ አልወጣ ስላላት ምድር ቤት፣ አግብታ የማታውቀው ዴርቭላ ፎቅ ላይ። ወጥ ቤቱ ጠባብ በመሆኑ አንዷ ስትቆም ሌላዋ መቀመጥ አለባት፤ ሳይነጋገሩ ተራ መጠበቅን የለመዱት እዚያ ነው። ከሐሙስ ወዲህ ግን ዝምታው ሌላ ዓይነት ነበር። «ሻይ አለ» እና «በሩን ዝጊው» ከመባባል በቀር አንድ የረባ ቃል አልወጣቸውም። አሰምፕታ ስልኩን ዘግታ ገባችና ያልተበላውን ዳቦ አየች፣ ከዚያ እህቷን አየች፣ ከዚያ ደግሞ ቅቤውን።

«ሳትበዪ ልትሄጂ ነው?»

«አላሰኘኝም።»

«ታዲያ ቅቤውን ለምን አወጣሽው? አራት ዩሮ ከሃምሳ ገብቶ፣ ማቅለጥ ብቻ!» አለችና ክዳኑን ጭና ወደ ማቀዝቀዣው መለሰችው። ትንሽ ቆይታ፣ ድምጿን ለዘብ አድርጋ፣ «ባክሽ ፊትሽን አታጥቁሪው። ልጅ እኮ ናት፣ እስከ ማክሰኞ ትረሳዋለች» አለች። ዴርቭላ ዣንጥላዋን ከበሩ ኋላ አንስታ ወጣች።

አውቶቡሱ ሁለት ዩሮ ነው፤ ተከፍሎም መቀመጫ የለውም። በተጨናነቀው መሃል ቆማ፣ ዝናቡ መስኮቱ ላይ ሲወርድ እያየች፣ ያቺን ሐሙስን መልሳ መላልሳ አሰበቻት። ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ባለው መናፈሻ ውስጥ አንድ ክብ የሳር ጎጆ አለ። ግድግዳው እንጨት ተማግሮ ጭቃ የተመረገ ነው፤ ጭስ ማውጫ የለውም፣ መስኮትም የለውም። ዴርቭላ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ሆና ከሠራችው አሥራ አንድ ዓመቱ። በልጅ ስድስት ዩሮ እየተከፈለ ትምህርት ቤቶች ይመጣሉ፤ እሷ ደግሞ የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት እዚሁ አገር እንዲህ ባለ ጎጆ ይኖሩ የነበሩት ኬልቶች እንዴት ውለው እንዴት ያድሩ እንደነበር ታሳያለች። አጃ በድንጋይ ታስፈጫቸዋለች፣ ሱፍ ታስፈትላቸዋለች፣ በቅጠልና በሥር ጨርቅ ታስነክራቸዋለች። የልጅ ነገር ሆኖ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቁት ሽንት ቤቱ የት ነበር ብለው ነው፤ ሁለተኛ ደግሞ በጦርነት ስለተቆረጠ ጭንቅላት። እሷም አትሰለችም፤ ሁለቱንም ትመልሳለች።

ዛሬ የሳውን በዓል ነው፤ የጨለማው ወራት መግቢያ። በጥንቱ ዘመን በዚህ ቀን ሰው ሁሉ የቤቱን እሳት አጥፍቶ ከአንድ እሳት እንደ አዲስ ይጭር ነበር ይባላል። ጎጆው ውስጥም በየዓመቱ እንዲሁ ይደረጋል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወላጆችና የሰፈር ሰዎች በተሰበሰቡበት አንድ ልጅ ደጅ ከሚነደው እሳት ፍም በብረት ድስት ይዞ ገብቶ ምድጃውን ያቀጣጥላል። ዴርቭላ ዘንድሮ ዊኒን የመረጠቻት ለይሉኝታ አልነበረም። ክፍሉ በሙሉ እርጥብ እንጨት ላይ ጎንበስ ብሎ በጭስ ሲያለቅስ፣ ያቺ ቀጭን ልጅ መጥታ «እርጥቡን ከላይ አይከምሩበት እንጂ ሚስ፣ ይታፈናል» ብላ በሁለት ደቂቃ አነደደችው። የዊኒ ወገኖች ተጓዦች ናቸው፤ በተሽከርካሪ ቤት የሚኖሩ፣ ዘር ማንዘራቸው ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ አገር ላገር ሲዞር የኖረ፣ እስከ ዛሬም ደጅ እሳት አንድደው ዙሪያውን የሚቀመጡ። መንገዱን ተሻግሮ ካለው አስፋልት ሜዳ ላይ ሰፍረዋል። ከዚያማ ሁለት ወላጆች አሰምፕታ ዘንድ ሄዱ፤ የጎጆው ኮሚቴ ሰብሳቢ እሷ ናትና። አሰምፕታም ለእህቷ፣ «ሰው ቦርሳውን አቅፎ ነው የሚውለው አሉኝ» አለቻት። ዴርቭላ ለግማሽ ሰዓት ተከራከረች፤ በማግስቱ ሄዳ ዊኒን ለእሳቱ ያዘጋጀሽው ቀሚስ አጥሮሻልና አትይዢም አለቻት። ዓርብ ልጅቷ አያቷ የሰፋችውን አዲስ ቀሚስ ይዛ ስትመጣ ደግሞ፣ «አሽሊን ተለማምዳለች፤ አንቺ በሚቀጥለው» አለቻት። ሁለተኛ ውሸት መሆኑ ነው።

መናፈሻው ስትደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ዊኒ ጎጆው ደጃፍ ላይ፣ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ካፖርቷ አጭር ነው፤ ከሥሩ ቡናማው አዲስ ቀሚስ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይወርዳል። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላለች።

«ዊኒ! በዚህ ብርድ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እየጾምኩ ነው።»

«ምን?»

«እየጾምኩብዎት ነው፣ ሚስ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ይሄን ያስተማረቻቸው ራሷ ነበረች፤ ያውም ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሱፍ እያስፈተለቻቸው። ድሮ፣ ብላቸው ነበር፣ ትልቅ ሰው ትንሹን ሲበድለውና ትንሹ ጉልበት ሲያጣ፣ ሄዶ በበዳዩ ደጃፍ ላይ እህል ሳይቀምስ ይቀመጥበታል። በዳዩም ያን ጊዜ መብላት አይችልም። ደጁ ላይ ሰው ተርቦበት እየተቀመጠ ከበላ ክብሩ ይገፈፋል፤ ከዚያ ወዲያ ቃሉን የሚያምነው፣ አቤት ሲል የሚሰማው አይኖርም። ሌሎቹ ልጆች የተቆረጠውን ጭንቅላት ነበር ያስታወሱት። ዊኒ ይሄንን።

ዴርቭላ መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ቀጥሎ የልጅቷን ከንፈር አየች፤ ከብርዱ ነጭ ሆኗል፤ ሳቋ ከመንገድ ተመለሰ። ገብታ ትናንት የተጋገረውን የአጃ ቂጣ ማር ቀብታ አመጣችላት።

«እንቺ፣ ይቺን ብዪና እንነጋገራለን።»

«ከበላሁ ክሴ ይወድቃል። እርስዎ ነዎት ያሉት።»

«እሱ እኮ የድሮ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ድሮ ከሆነ ለምን አስተማሩን?» አለች ዊኒ፣ ቂጣውን ሳታይ። ማሩን እንዳታሸት ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች። ዴርቭላ ጎንበስ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ቋ አለ። «እሺ፣ የምትፈልጊው እሳቱን ነው?» አለቻት።

«እሳቱ የኔ ነበር። መጀመሪያ ግን የመጀመሪያው ቀሚስ እንዳላጠረኝ ይበሉልኝ።»

«አላጠረሽም፣ ዊኒ። ይኸው አልኩ።»

«ለኔማ አውቀዋለሁ። ክፍሉ ሁሉ ፊት ነው ያጠረሽ ያሉኝ። ቁምጣ ቀሚስ እያሉ ይጠሩኛል።» ድምጿ ትንሽ ተሰበረና መልሳ አቃናችው። «ሰው ፊት ያሉትን ሰው ፊት ይመልሱት።»

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያ ሁሉ ሰው ሲሰበሰብ ቆሞ ዋሽቻለሁ ማለት። ዋሽቻለሁ ካለች ደግሞ ለምን የሚል ይመጣል፤ ለምን የሚለው እህቷ ዘንድ ያደርሳል፣ እህቷም ከፊት ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። ዴርቭላ ተነሳች። «እስቲ ላስብበት» አለች። ዊኒም «እኔ እዚሁ ነኝ» አለች፤ በቁጣ አይደለም፣ ወንበር እንደተያዘለት ሰው ረጋ ብላ።

የልጅ ነገር ያስፈራል። ዴርቭላ አያትየዋ ቢዲ ቁጣ ቢጤ ጣል ታደርግልኝ ይሆናል ብላ መንገዱን ተሻገረች። ቢዲ ከተሽከርካሪ ቤቷ ፊት ለፊት፣ ዝናቡን በሸራ ከልላ፣ ፊቷን ወደ መናፈሻው አጥር አድርጋ ተቀምጣለች። ሰባ ዓመት ይሆናታል፤ ጣቶቿ እንደ ሥር የተጠማዘዙ ናቸው። ውስጡ በበሩ ይታያል፤ የተወለወለ ሸክላ በረድፍ ተደርድሯል፣ አንድ አቧራ የለበትም። ያቺ ጠባብ ቤት የዴርቭላን ወጥ ቤት አስር ጊዜ ታስንቃለች።

«ቁርስ ብዪ ብያት ነበር እሜቴ» አለች ቢዲ፣ ሰላምታውን ሳትጨርስ። «እምቢ አለች። ውሃ ጠጥታለች፤ ውሃ ይፈቀዳል አለችኝ።»

«እባክዎ ይንገሯት። እርስዎን ትሰማለች።»

«ምን ብዬ ልንገራት? ቀሚሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዩሮ ጨርቁ፣ ክሩ ሌላ። እሱ ግድ የለም።» አሮጊቷ ካፖርቷን ሰብሰብ አደረገች። «መርፌው ለዚህ እጅ ከባድ ነው፣ ግን እየሳቅኩ ነው የሰፋሁት። እናቷ ከሞተች ወዲህ አልወፍር አልረዝም ብላ ስታስጨንቀኝ ኖራ፣ ቀሚስ አጠራት ሲሉኝ አደገችልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

 ለዴርቭላ ይቅርታ የሚለው ቃል ለዚህማ የሚበቃ አልመሰላትም። ቢዲም አልገፋቻትም። «ይሂዱ፣ ሥራ አለብዎት» ብቻ አለቻት። ዴርቭላ መንገዱን ስትሻገር መኪና ጥሩምባ ነፋባት፤ አልሰማችውም።

ሥራውማ ሥራ ነው። ወንበር ተደረደረ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሻይ በኩባያ አንድ ዩሮ፣ ከጣፋጭ ዳቦ ጋር ሦስት ከሃምሳ የሚል ወረቀት ተለጠፈ። የሚረዷት ሰዎች ጎጆው ደጃፍ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ ዙሪያዋን እየዞሩ ይገባሉ ይወጣሉ። አንዱ «ይቺ ልጅ ተቀጥታ ነው?» ሲል ሌላው «ተጓዦቹ ናቸው፣ ተዋት» አለ። ዴርቭላ ሰማች፤ ጆሮዋ እስኪግል ድረስ ሰማች። የመጀመሪያው ሻይ ሲፈላ ለሷ ነበር የተቀዳላት፣ እንደ ወትሮው በወተት። ኩባያውን ተቀበለችና ቀና ስትል ዊኒ ታያታለች። ቁጣ የለባትም፣ ልመና የለባትም፤ ዝም ብላ ታያለች፣ ፈተና የሰጠ አስተማሪ ተማሪውን እንደሚያይ። ዴርቭላ ኩባያውን ሳትቀምሰው አስቀመጠችው። ስድስት ሰዓት ላይ ራሷን ያዞራት ጀመር። ዕቃ ቤት ገብታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ከቂጣው ጥግ ቁራሽ ቆረሰች። ማንም የለም። የስልሳ ሦስት ዓመት ሰው ነኝ፣ ብወድቅስ ማን ያነሳኛል አለች በልቧ። ቁራሿን እስከ ከንፈሯ አደረሰቻት። ከዚያ ያቺ ከንፈሯ የነጣ ልጅ ታየቻትና መልሳ ጨርቁ ላይ አኖረቻት፤ እጇንም በቀሚሷ ጠረገች።

ሰባት ሰዓት ላይ አሰምፕታ መጣች፤ አሽሊን ጸጉሯ ተጎንጉኖ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን ይዛለች። ለእህቷ ደግሞ የሥጋ ሳንድዊች በወረቀት ጠቅልላ አምጥታለች፤ ክፉ ሰው አይደለችም አሰምፕታ። ደጃፉ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ ስታይ ግን እህቷን በክርኗ እየገፋች ወደ ጎጆው ጀርባ ወሰደቻት።

«ምንድን ናት ይቺ?»

«እየጾመችብኝ ነው።»

«እየ…?» አሰምፕታ ሳቀች፤ ቀጥሎ ሳንድዊቹን ብትዘረጋላት እህቷ እንዳልተቀበለቻት አየችና መሳቋን ተወች። «አንቺም አብረሽ ጾመሻል! ዴርቭላ፣ አብደሻል እንዴ? ለልጅ ጨዋታ?»

«ጨዋታ አይደለም።»

«ሳር ጎጆ ስትሠሪ ዝም አልኩሽ። በጥንቆላ ቅጠል ብርድ ልብሴን ስታበላሺ ዝም አልኩሽ…»

«ማቅለሚያ ነው፣ አሰምፕታ፣ ጥንቆላ አይደለም።»

«ዛሬ ግን ልትናገሪ እንደሆነ ፊትሽ ላይ ይታየኛል። ብትናገሪ የምታዋርጂው እኔን ነው። ወላጆቹ ያሉትን ነው ያመጣሁት፤ እኔ ነኝ ያልኩት?»

«አንቺ አመጣሽው፤ እኔ ተናገርኩት» አለች ዴርቭላ። «የተናገርኩት እኔ ስለሆንኩ የምመልሰውም እኔ ነኝ። ስምሽን አላነሳም።»

«ስሜን ባታነሺስ! ይሄ ሰፈር ማን ምን እንዳለ ሳይነገረው የሚያውቅ ሰፈር ነው።» አሰምፕታ ሳንድዊቹን እጇ ላይ አስቀምጣላት ሄደች። ከኋላዋ ስትታይ፣ ያ የሚያመው ጉልበቷ ወደ አንድ ወገን ይጥላታል። ዴርቭላ አዘነችላት። እናታቸው ስትታመም አራት ዓመት ሙሉ ያጠበቻት፣ ያገላበጠቻት አሰምፕታ ናት። ምነው ነገሩ ከሌላ ሰው ጋር በሆነ ብላ ተመኘች፤ ሳንድዊቹን ለሰፈሩ ውሻ ሰጠችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ዝናቡ አባራ። ሰማንያ የሚሆን ሰው መጣ፤ ወንበር ያጡት ቆሙ። የዊኒ ክፍል ልጆች ሳሩ ላይ ከፊት ተቀመጡ፣ ከኋላቸው አሰምፕታ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯን ገጥማ። ቢዲ ከአጥሩ በር ውጭ ቆማለች፤ መግቢያው ዛሬ በነጻ ቢሆንም የተከፈተ በር ሁሉ ለሷ እንዳልተከፈተ ኑሮ አስተምሯታል። እሳቱ ደጅ ላይ ይነዳል። አሽሊን የብረት ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ አጠገቡ ቆማለች። ዊኒ ከበሩ ደፍ አልተነሳችም፤ ወደ ጎጆው የሚገባ ሰው እሷን ተሻግሮ ነው የሚገባው።

የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል፤ ዴርቭላ ያን ቀን በሁለቱም እሳት ፊት አንድ ላይ ቆመች። ለአሥራ አንድ ዓመት የምትለውን የመክፈቻ ንግግር ጀመረችና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ተወችው። «ልጆች» አለች፣ «በበዳይ ደጃፍ ላይ ስለሚጾመው ጾም የነገርኳችሁን የሚያስታውስ አለ?» ልጆቹ ተያዩ። «ዊኒ ታስታውሳለች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። የጾመችው በኔ ላይ ነው።» ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አለና አፈነው። «ሐሙስ ዕለት እናንተው ፊት ቀሚስሽ አጥሯል አልኳት። አላጠረም ነበር። በልኳ ነበር። ዓርብ ደግሞ አያቷ የሰፋችላትን ይዛ ስትመጣ ሌላ ሰበብ ፈጠርኩ። እሳቱን የነሳኋት ቀሚሱ ስላጠረ አይደለም፤ ተጓዥ በመሆኗ ሰው ቅር እንዳይለው ፈርቼ ነው። እሷ ምንም አላጠፋችም። እኔ ዋሸሁ፣ እኔ ፈሪ ሆንኩ።» እዚህ ላይ እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። ወደ ዊኒ ዞረች። «እሳቱ ያንቺ ነው። ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

ዊኒ አልተነሳችም። ሕዝቡን አየች፣ የክፍሏን ልጆች አየች፣ ከዚያ ዴርቭላን።

«ሚስ፣ ሁለቴ ነው የዋሹኝ» አለች። «ሁለቴ የዋሸ ሰው በቃሉ ብቻ አይታመንም። ዋስ ይጥሩ።»

ልክ ናት። የጥንቱም ሕግ እንዲያ ነው፤ በዳይ አምኛለሁ ስላለ ጾም አይፈታም፣ ቆሞ ዋስ የሚሆነው ሰው ማምጣት አለበት። ዴርቭላ ወደ ሰዉ ዞረች። ሰማንያ ሰው። አሥራ አንድ ዓመት ልጆቻቸውን ያስተማረችላቸው፣ ኬክ ጋግራ የላከችላቸው፣ ቀብር የሄደችላቸው። አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዷ ልጇን ታባብላለች። ዓይኗ እህቷ ላይ አረፈ። አሰምፕታ የቦርሳዋን መቆለፊያ ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ከፈተችው፤ ቀና አላለችም። 

«እኔ ዋስ ነኝ።»

ድምጹ የመጣው ከአጥሩ በር ነው። ቢዲ በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ እጆቿን ካፖርቷ ኪስ እንደከተተች፣ በወንበሮቹ መሃል ቀስ እያለች መጣች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት፤ ቦርሳውን ያቀፈም አልጠፋም።

«አያቴ፣ አንቺማ አትችዪም!» አለች ዊኒ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልጅ ተነጫንጫ። «አንቺ የኔ ወገን ነሽ!»

«አንቺ ደግሞ ሕግ አታብዢብኝ። ዋስ የሚሆን ሌላ ሰው አየሽ?» ቢዲ ሰዉን በዓይኗ ዞር ዞር ብላ አየችና ወደ ልጅቷ ተመለሰች። «ይቺ ሴትዮ ዋሽታናለች፣ እውነት ነው። እኔንም በውሸቷ አስደስታኛለች፤ እሱ ይበልጥ ያማል። ግን ከጠዋት ጀምሮ በዚያ አጥር በኩል ሳያት ውያለሁ። እህል በአፏ አልዞረም። የዋሸኝ ሰው ስንቱን አውቃለሁ መሰለሽ፤ በዋሸው ውሸት ሲራብ ያየሁት ግን ይቺን ብቻ ነው። ዋሷ ነኝ፤ ተነሺ።»

ዊኒ ተነሳች። እግሯ ደንዝዞ ኖሮ ዴርቭላን ያዝ አደረገቻት። አሽሊን ድስቱን ለማስረከብ እየሮጠች ነው የመጣችው። «እንቺ ውሰጂው፣ እኔ እሳት እፈራለሁ!» አለች ጮክ ብላ። «ለአያቴም ነግሬያት ነበር፣ ማንም አልሰማኝም!» የክፍሉ ልጆች ሳቁ፤ አሰምፕታ ቦርሳዋን ዘጋች። ዊኒ ፍሙን በእንጨት ቆንጠጥ አድርጋ ወደ ድስቱ ከተተች፣ ከላዩ አመድ ነሰነሰችበት፣ ሁለት ጊዜ እፍ አለችበት፤ ይዛው ገባች። በጨለማው ጎጆ ውስጥ መጀመሪያ ጭስ፣ ቀጥሎ ብርሃን ታየ። ልጆቹ ጮኹ። ከወላጆቹ የሚያጨበጭቡም ነበሩ፣ የማያጨበጭቡም። ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወጡ።

አሰምፕታ ግን አልወጣችም። ከወንበሯ ሳትነሳ ቆየች፤ ዴርቭላ ማታ ከሷ ጋር ያ ጠባብ ወጥ ቤት እንደሚጠብቃት ታውቃለች፤ ነገ አብረው ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ፣ ለየብቻ ይሂዱ፣ እሱን እንኳ አታውቅም። በጎጆው ውስጥ ዊኒ ከምድጃው ዳር ተቀምጣ አንድ ሙሉ ቂጣ ጨርሳለች፤ ማሩ አገጯ ላይ ነው። ሌላ አንስታ ለሁለት ገመሰችና ግማሹን ለዴርቭላ ዘረጋችላት።

«አሁን መብላት ይችላሉ፣ ሚስ።»

ዴርቭላ ተቀብላ ጎረሰች። ማኘክ ጀምራ አልሆነላትም፤ ከጠዋት የያዘችው ሁሉ አንድ ላይ መጣና እንደጎረሰች ታለቅስ ጀመር። ቢዲ በርጩማ ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ያን የተጠማዘዘ እጇንም ጀርባዋ ላይ አሳረፈችው።

«ቀስ በዪ እቴ» አለቻት። «ባዶ ሆድ ነው።»